የሸክላ ሠሪው መዝገብ

ጆሯችሁን ስጡኝ፤ የአንድ ሸክላ ሠሪ ታሪክ ልተርክላችሁ ነው። አገሩ እንግሊዝ፣ ቀዬው በስታፎርድሺር አውራጃ በርስለም የምትባል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ናት። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ወደ አገራችን ስመለስ እነግራችኋለሁ።

ሰውየው ጆሳያ ዌጅውድ ይባላል። በ1730 ሲወለድ ቤተሰቡ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በሸክላ የሚተዳደር ነበር። ከብዙ ልጆች የመጨረሻው እሱ ነው። አባቱ በ1739 ሲሞቱ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ ታላቅ ወንድሙ ሥራ ቤት ገባ። ፈንጣጣ መጣችበት። ከሞት ተረፈ፣ ቀኝ ጉልበቱ ግን ተጎድቶ ቀረ። የሸክላ መንኮራኩር የሚዘወረው በእግር ነውና ልጁ እንደ እኩዮቹ ቁጭ ብሎ እንስራና ሳህን ማዞር ተሳነው። ሌላውን ሥራ ያዘ። አፈሩን ይቀይጣል፣ ቅቡን ይበጠብጣል፣ የእሳቱን መጠን ይቀያይራል። የሞከረውን ሁሉ ቁጥር እየሰጠ በደብተር ያሰፍራል፤ ድብልቁን ሌላ ሰው እንዳይሰርቀው በምስጢር ምልክት ይጽፈዋል። ይህን ደብተር ልብ በሉልኝ። ሰውየው ስለ አፈር አንድም ነገር በግምት አይሠራም ነበር።

በ1759 ከዘመዶቹ ትንሽ ሥራ ቤት ተከራይቶ ራሱን ቻለ። ከዓመታት ሙከራ በኋላ ቀለል ያለ፣ ለስላሳ፣ የቅቤ መልክ ያለው ሸክላ አወጣ። በ1765 ንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ አዘዙት። ዌጅውድም ሸክላውን «የንግሥቲቱ ሸክላ» ብሎ ለመጥራት ፈቃድ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ገበያው በእግሩ መጣለት። በ1768 ያ የተጎዳው እግሩ ሥቃዩ ስለጸናበት ተቆረጠ። ማደንዘዣ ያልተፈጠረበት ዘመን ነው፤ ነፍሱን እያወቀ ተቆረጠ። የእንጨት እግር አስገጠመ። አገሬው ሲያወራ፣ በሥራ ቤቱ ሲዘዋወር እንከን ያለበት ዕቃ ካየ በዚያ የእንጨት እግር ይሰባብረው ነበር ይላል። እውነት ይሁን የሰው ወሬ፣ የሰውየውን ጠባይ ግን ያሳያል።

በ1769፣ እኛ ዘንድ ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ዘመነ መሳፍንት በተከፈተበት ዓመት፣ ዌጅውድ ኤትሩሪያ ብሎ የሰየመውን አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። ቶማስ ቤንትሊ ከሚባል የሊቨርፑል ነጋዴ ጋርም ሽርክና ገባ። ቤንትሊ የተማረ፣ ዓለምን የዞረ፣ ከመኳንንቱ ጋር ማውራት የሚያውቅ ሰው ነው። እሱ ለንደን ሆኖ ይሸጣል፤ ዌጅውድ ስታፎርድሺር ሆኖ ይሠራል። በመካከላቸው ደብዳቤ አይቋረጥም። የዌጅውድ ደብዳቤዎች በብዛት ስለተረፉ ነው ይህን ሁሉ የምናውቀው፤ የቤንትሊ መልሶች ግን አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የአንድ ወገን ጨዋታ ነው የምንሰማው፣ ግን ይበቃል።

ሽርክናው የጌጥ ዕቃ ብቻ የሚመለከት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሀብታም ሁሉ ያበደለት ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫ። የዘወትሩን ሳህንና ኩባያ ደግሞ ዌጅውድ ከአጎት ልጅ ከሚቆጠር ዘመዱ ጋር በሌላ ሽርክና ይሠራል። አንድ ግቢ፣ ሁለት ንግድ፣ ሁለት ሸሪክ። እንግዲህ የከሰሉ ወጪ በማን ይያዝ? የጽሕፈት ቤቱስ? እንዲህ ያለው ጥያቄ እየዋለ እያደረ ነው ሰውን መዝገብ ፊት የሚያስቀምጠው።

በመጀመሪያ ግን ማንም አልጠየቀም። ዕቃው ይወጣል፣ የለንደን ማሳያ ቤት ሰረገላ በሰረገላ ይሆናል፣ ትዕዛዝ ይጎርፋል። ገንዘብ ግን የለም። መኳንንት በዱቤ ይወስዳሉ፤ ሲከፍሉም በፈለጉ ጊዜ ነው፤ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? ሠራተኛው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደሞዙን ይፈልጋል፣ ከሰል ነጋዴውም አይታገሥም። መርካቶ ወይም አትላንታ፣ ሪያድም ይሁን ቴል አቪቭ ሱቅ ከፍቶ የሚሠራ ወገኔ ይህን ስሜት ሳልነግረው ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ ይውላል፤ ማታ መሳቢያውን ሲከፍት የሸጠው ሁሉ የት እንደገባ ግራ ይገባዋል።

መጣ 1772። በሰኔ ወር አሌክሳንደር ፎርዳይስ የሚባል የለንደን የባንክ ሸሪክ በኢስት ኢንዲያ ኩባንያ አክሲዮን ተወራርዶ 300,000 ፓውንድ ከሰረና ወደ ፈረንሳይ አመለጠ። የእሱ ባንክ ወደቀ። ያን ተከትሎ የስኮትላንዱ ኤር ባንክ ክፍያ አቆመ፤ ድንጋጤው ባሕር ተሻግሮ አምስተርዳም ደረሰ። አበዳሪ ሁሉ እጁን ሰበሰበ፣ ገዢ ሁሉ ኪሱን አጠበቀ። የዌጅውድ የአበባ ማስቀመጫዎች መደርደሪያ ሞልተው ቆሙ። ትናንት ሰው የሚጋፋበት ዕቃ ዛሬ አቧራ ለባሽ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ሌላው ነጋዴ ምን ያደርጋል? ዋጋ ይሰብራል፤ ጎረቤቱም ይሰብራል፤ ተያይዘው ይወርዳሉ። ዌጅውድም ዋጋ መቀነስ ፈለገ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አስቆመው፤ እስከ የት ድረስ ነው የምቀንሰው? መልሱን አላወቀውም። ለአፈሩ ያን ያህል ሲጠነቀቅ የኖረ ሰው አንድ የአበባ ማስቀመጫ ለመሥራት ስንት እንደሚያወጣ በትክክል አያውቅም ነበር።

ተቀመጠ። ደብተር አወጣ። በሸክላው ላይ ያደርግ የነበረውን በገንዘቡ ላይ ጀመረ።

አንዲት የአበባ ማስቀመጫ ተከትላችሁ ከሱ ጋር ሂዱ። መጀመሪያ አፈሩ አለ፤ ተገዝቶ፣ ተጓጉዞ፣ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ። ሞዴሉን የሚቀርጸው ባለሙያ ከፍተኛ ደሞዝ ይበላል። ከሞዴሉ ላይ ቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ እሱም ያረጃል፣ ይጣላል። ከዚያ በመንኮራኩር ይዞራል፣ ይላጋል፣ እጀታና ጌጥ ይለጠፍበታል። ይደርቃል። እቶን ገብቶ ይተኮሳል፤ ከሰል ይበላል። ከእቶኑ ሲወጣ የተሰነጠቀውና የተጣመመው ይለያል፤ ያ የሞተ ዕቃ ነው፣ የበላው ደሞዝና ከሰል ግን አልሞተም፣ በተረፉት ላይ ይጫናል። ቅብ ይቀባል፣ እንደገና ይተኮሳል፤ እንደገና ይሰበራል። በጭድ ተጠቅልሎ ሳጥን ይገባል። ለንደን እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ክፉ ነውና የሚሰበረውን አስቡት። ከደረሰ በኋላ የማሳያ ቤቱ ኪራይ፣ የሻጮቹ ደሞዝ፣ መብራቱና እሳቱ አለ። ይህንንም ሁሉ የሚጽፈው ጸሐፊ ይከፈለዋል።

ዌጅውድ እያንዳንዷን እርምጃ በየዋጋዋ ጻፋት። የሥራ ዋጋ መዝገብ ሆኖ ወጣ። ሲያነበው ሁለት ነገር አገኘ፤ ሁለቱም ዛሬ በሂሳብ አያያዝ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚማራቸው ናቸው። እሱ ግን መምህር አልነበረውም፤ በራሱ ችግር ነው የቆፈራቸው።

አንደኛው፣ የሚሸጥበት ዋጋ ከሚያወጣው ወጪ ጋር አይገናኝም። ድካማቸው የሰማይና የምድር ያህል የሚራራቅ ዕቃዎች በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣሉ። አንዱ ያበላዋል፣ ሌላው ይበላዋል፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ማን ማን እንደሆነ በዓይን አይለይም። ብዙ የሚሸጠው ሁሉ ብዙ የሚያተርፍ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው የበለጠ ጥልቅ ነው። ወጪው ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አፈር፣ ቅብና ጭድ ከሥራው ጋር ይጨምራሉ፣ ከሥራው ጋር ይቀንሳሉ። ኪራይ፣ የሞዴልና የቅርጽ ማውጫ ወጪ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ የጽሕፈት ቤት፣ የረዳት ልጆች ደሞዝ ግን ብዙ ቢሠራም ጥቂት ቢሠራም ያው ናቸው፤ ዌጅውድ ለቤንትሊ ሲያስረዳ እንደ ሰዓት መዘውር ይሄዳሉ ብሎ ነበር። ዛሬ ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ እንላቸዋለን። መቶ ዕቃ ብትሠራ ቋሚው ወጪ ለመቶ ይካፈላል፤ አምስት መቶ ብትሠራ ለአምስት መቶ። እንግዲህ ዋጋ ቀንሶ ማትረፍ ይቻላል ማለት ነው፣ ብዛቱ ከጨመረ። የትኛው ዕቃ ላይ፣ በስንት ብዛት፣ እስከ ስንት ዋጋ ድረስ የሚለውን ደግሞ መዝገቡ ይነግረዋል።

በዚህ ላይ ቆሞ ነው ገበያውን ያሰበው። በመጀመሪያ ማስቀመጫዎቹ ለመኳንንቱ ቤት ክብር እንዲሆኑ በከፍተኛ ዋጋ መሸጥ ነበረባቸው፤ ያ ተደርጓል። አሁን መካከለኛው ሰው፣ ባለሱቁ፣ ጠበቃው፣ ሐኪሙ በመኳንንቱ ቤት አይቷቸው ጎምጅቷል። ለሱ ዋጋው ይውረድለት፣ በብዛት ይሠራለት። ለታላላቆቹ ደግሞ አዲስና ውድ ነገር ይፈጠርላቸው። ይህን ሐሳብ ሌላ ሰው በግርድፉ ሊያስበው ይችል ይሆናል። ሳይከስር ሊፈጽመው የሚችለው ግን ወጪውን የሚያውቅ ብቻ ነው።

መዝገቡ ያልጠበቀውንም አወጣበት። የለንደኑ ሂሳብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ቁጥሮቹን ከኤትሩሪያ ጋር ሲያስተያያቸው አልገጥም አሉ። ሲመረመር ዋናው የሂሳብ ጸሐፊ ገንዘብ ሲያጎድል መኖሩ ተገኘ። ዌጅውድ ሌላ ሰው ላከ፤ ከዚያ ወዲህ ሂሳቡ በየሳምንቱ እንዲዘጋና እንዲደርሰው አደረገ። ልብ በሉ፣ ሰውየው አጭበርባሪውን በጥርጣሬ አልደረሰበትም፤ ወጪውን ፍለጋ ሄዶ ነው ያገኘው። የታመነ ሠራተኛ ያለው ሰው ሂሳብ መፈተሽ አለማመን ይመስለዋል፣ ያፍራል። እኔ ግን ተገላቢጦሽ ይመስለኛል፤ በየሳምንቱ የሚዘጋ ሂሳብ ሐቀኛውን ሠራተኛ ከሐሜት ያድነዋል።

ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ ከአገሬ ትዝ የሚለኝ የ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ነው፤ አሁን በኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ግብር ከፋዩን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፍሎ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች በሆነው በደረጃ ሐ ነጋዴ ላይ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልጣለበትም ነበር። ለትንሹ ነጋዴ እንደ እፎይታ የታሰበ ነው። ከዚያ የቀን ገቢ ግምት መጣ። ገማቾች ሱቅ በሱቅ እየዞሩ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ» ብለው ጻፉ። ወረቀቱ ሲደርስ ስንቱ ደነገጠ! በአምቦና በወሊሶ፣ በአዲስ አበባም አንዳንድ ሰፈር ሱቅ ተዘጋ፣ ተቃውሞ ተነሣ። ግምቱ ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። አንድ ባለ ኪዮስክ ቅሬታ ሊያቀርብ ሲሄድ በእጁ ምን ነበረው? «ይህን ያህል አልሸጥም» የሚል ቃሉ ብቻ። ገማቹም ግምት፣ እሱም ግምት። ባለ ሥልጣንና ባለ ኪዮስክ በግምት ሲከራከሩ ማን እንደሚረታ ሁላችንም እናውቃለን።

ሕጉ አላስገደደውም፣ እውነት ነው። ግን መዝገብን ለግብር ሰብሳቢው የሚዘጋጅ ነገር አድርገን ስለምናየው ነው ሕጉ ሲምረን የምንተወው። አንዳንዱ ጭራሽ ሁለት ደብተር ይይዛል፤ አንዱ ለመንግሥት፣ አንዱ ለራሱ። ሁለተኛው ደብተርም ከጊዜ ብዛት ይረሳል፣ ወይ ከመጀመሪያው ጋር ይደበላለቃል። በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ የትኛው እውነት እንደሆነ ይጠፋዋል። ባንክ ሄዶ ብድር ሲጠይቅ ደግሞ የሚያሳየው ለመንግሥት ያዘጋጀውን ነው፤ እሱ ላይ ትርፉ ትንሽ ነው፤ ባንኩም በትንሹ ያየዋል።

ለራስ የሚያዝ መዝገብ ምን እንደሚያሳይ ለማየት፣ አንዲት እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ እናት አስቡ። ትርፍሽ ስንት ነው ብትሏት የጤፉን ዋጋና የእንጀራውን ዋጋ ታውቃለች፤ ልዩነቱን ትነግራችኋለች። የማስፈጫውን፣ የውሃውን፣ የመብራቱን ገንዘብ ስትጨምሩበት ልዩነቱ ይሳሳል። የረዳቷ ደሞዝና የቤቱ ኪራይ አለ። ሳይበስል ወይ ሳያምር የወጣው፣ ለቤት የተበላው፣ በመብራት መጥፋት የተበላሸው ሊጥ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ በጥቂት ዓመት ያልቃል፤ ሂሳብ ሹሞች የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ይህንን ነው፤ ለአዲሱ ምጣድ ከዛሬዋ እንጀራ ላይ ካልተነሣለት ያኔ ከዕቁብ ወይ ከዘመድ ነው የሚመጣው። የራሷ ጉልበትስ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የምትነሣው እሷ ናት፤ ለራሷ ደሞዝ ጽፋ አታውቅም። ሁሉንም ስትጽፈው አንዳንዷ በነጻ ስትሠራ እንደኖረች ታገኘዋለች። የሚያስለቅስ ነው፣ ግን ካለማወቁ ይሻላል።

አሁን የሆቴሉ ገዢ መጥቶ «በቀን መቶ የነበረውን ሁለት መቶ አድርጊልኝ፣ ዋጋውን ግን ቀንሺ» ይላታል። ያልጻፈችው ወይ ፈርታ እምቢ ትላለች፣ ወይ ደስ ብሏት እሺ ትልና ትከስራለች። የጻፈችው ግን ረዳቷና ኪራዩ ለመቶም ለሁለት መቶም ያው እንደሆኑ አይታለች፤ ምጣዷ ስንት እንደሚችል ታውቃለች፤ ከምን በታች እንደማትወርድም በልቧ ይዛለች። ከትልቁ የእንጀራ ፋብሪካ ጋር የምትወዳደረው በዚህ ነው። ፋብሪካው ባለ ብዙ ምጣድ ነው፣ ጤፍ በጅምላ ይገዛል፣ በዚያ አትችለውም። ከደንበኛዋ ጋር ፊት ለፊት ቆማ በአንድ ደቂቃ የተሰላ ዋጋ መናገር ግን ትችላለች።

ወደ ኤትሩሪያ፣ ወደ ፈረንጆቹም አቆጣጠር ልመለስ። የ1772ቱ ነፋስ ብዙ ሸክላ ሠሪ ሲጥል ዌጅውድ ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ከሩሲያዋ ንግሥት ካትሪን ከ900 በላይ ዕቃ ያለው፣ በእያንዳንዱ ላይ የእንግሊዝ አገር መልክ የተሣለበት የገበታ ትዕዛዝ መጣለት። ክብሩ ታላቅ ነው፤ ግን ሥዕሉ ብዙ ወጪ ስለሚበላ እሱና ቤንትሊ ትርፉን ሳያሰሉ አልገቡበትም። ቤንትሊ በ1780 ሲሞት የሽርክናው ድርሻ ለመበለቲቱ መከፈል ነበረበትና በቀጣዩ ዓመት ክምችቱ በጨረታ ተሸጠ፤ እስከዚያ የተያዘው መዝገብ ባይኖር የወዳጁን ሚስት ድርሻ በምን ይለካው ነበር? ዌጅውድ ራሱ በ1795 ሲሞት ያቺ በኪራይ የተጀመረች ሥራ ቤት ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ የሚገመት ሀብት አፍርታ ነበር። ከዚያ ሀብት ከተጠቀሙት አንዱ የልጅ ልጁ ቻርልስ ዳርዊን ነው።

ይህን ስል ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ቋሚ ወጪ ከቆመ እቶን ላይ እንደሚባክን ያወቀ ጌታ ሠራተኛው እንዲዘገይ አይፈቅድም። ኤትሩሪያ በደወል ነበር የምትሠራው፣ የሰዓት መግቢያ ቁጥጥር ነበራት፣ ቅጣትም ነበራት። ቁጥሩ ውስጥ የገባው የረዳቱ ልጅ ደሞዝ የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው። ደሞዝን እንደ ወጪ ብቻ ለሚያነብ ሰው መዝገብ ጨካኝ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ነው የእንጀራ ጋጋሪዋን ታሪክ ስተርክ የራሷን ጉልበት ያነሣሁት።

ያ የ1772ቱ ሂሳብ ዛሬም አለ። ኒል ማክኬንድሪክ የሚባል የታሪክ ምሁር በ1970 ባሳተመው ጥናት ከነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው ይህን ነገር ለዓለም የገለጠው። ወረቀቶቹ ይጠበቁ የነበረው ባርላስተን በሚባል መንደር በነበረው የዌጅውድ ሙዚየም ነው። ኩባንያው ግን ዘመን አልፎበት፣ ከዋተርፎርድ ጋር ተቀላቅሎ፣ በፈረንጆቹ 2009 ወደቀ። ሲወድቅ የሠራተኞቹ ጡረታ ቋት 134 ሚሊዮን ፓውንድ ጎድሎበት ተገኘ። ሙዚየሙ በዚያ ቋት ውስጥ አምስት ሠራተኞች ብቻ ነበሩት። ሕጉ ደግሞ ሌሎቹ አሠሪዎች ከከሰሩ ዕዳው ሁሉ ቆሞ በተገኘው ላይ ይወርዳል የሚል ነበር፤ ቆሞ የተገኘው ሙዚየሙ ሆነ። ፍርድ ቤትም ስብስቡ ለዕዳው ሊሸጥ ይችላል ሲል ወሰነ። በ2014 የሕዝብ ጥሪ ቀረበ፤ የጎደለው መዋጮ በአንድ ወር ውስጥ ሞላና በ15.75 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዛ። ሸክላውም ደብዳቤውም የሥራ ዋጋ መዝገቡም ለለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተሰጥቶ፣ በውሰት እዚያው ባርላስተን እንዲቆይ ተደረገ።